ህግ ያልፈቀደላት ኑዛዜ



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ከእኛ በዘመንም በሃገርም በእምነትም ርቃ የኖረች አንዲት ሴት እናስተዋውቃችኋለን። ታሪኳን የመረጥነው የፕሬዚዳንት ሚስት ስለነበረች ብቻ አይደለም። በእርጅናዋ ዘመን በጻፈችው አንድ ወረቀት የተነሳ ነው። ወረቀቱ ምን እንደነበረ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን ማን እንደነበረች እንይ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ አቢጌል አዳምስ ይባላል። የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የጆን አዳምስ ሚስት፣ የስድስተኛው ፕሬዚዳንት የጆን ኲንሲ አዳምስ እናት ነበረች። በአሜሪካ ታሪክ የአንድ ፕሬዚዳንት ሚስት፣ የሌላ ፕሬዚዳንት እናት የሆኑ ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዋ እርሷ ነች።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ልጅ

አቢጌል ስሚዝ በኖቬምበር 1744 ዌይማውዝ በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ተወለደች። ማሳቹሴትስ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቷ የፕሮቴስታንት ቄስ፣ እናቷ ደግሞ ከታወቀው የኲንሲ ቤተሰብ የተገኘች ነበረች። በዚያ ዘመን ወንዶች ልጆች ወደ ሃርቫርድ ኮሌጅ ሲላኩ ለሴት ልጅ ማንበብ፣ መጻፍና የቤት ሥራ ማወቅ ይበቃታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። አቢጌል በልጅነቷ በሽታ የሚያጠቃት ስለነበረች አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባችም።

ይሁንና በአባቷ ቤት መጻሕፍት ነበሩ። በአያቷም ቤት እንዲሁ። ከእህቶቿ ጋር እየተጋገዘች ያገኘችውን ሁሉ አነበበች፤ ታሪክም፣ ግጥምም፣ የሃይማኖት መጻሕፍትም አልቀሩም። ፊደል አጣጣሏና ነጥብ አጠቃቀሟ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ እንደ ተማሩት ሰዎች ሊሆን አልቻለም፤ በዚህም ታፍር ነበር። ለሴቶች ልጆች ትምህርት በኋላ ዘመኗ ያን ያህል የተከራከረችው የመማር ዕድል ማጣት ምን እንደሆነ ከራሷ ስለምታውቅ ነው።

በኦክቶበር 25 ቀን 1764፣ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ጆን አዳምስ ከሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ጠበቃ ጋር ተጋባች። ብሬይንትሪ በምትባል መንደር ውስጥ ባለች ትንሽ የገበሬ ቤት ኑሮ ጀመሩ። ስድስት ልጆች ወለደች። ሱዛና የተባለችው ልጅ ገና በሕፃንነቷ ሞተች፤ የመጨረሻዋ ደግሞ በ1777 ሕይወት ሳይኖራት ተወለደች።

ባል በሌለበት ቤት

በ1774 ጆን የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ከዚያ ጊዜ አንስቶ ለአሥር ዓመት ያህል ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት ተለያይተው ነው። በ1778 ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በ1779 ዳግም ሄደ። በዚህኛው ጉዞ ሳይተያዩ ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ።

በዚህ ጊዜ እርሻውን የምታሳርሰው፣ ሠራተኛ የምትቀጥረው፣ ግብር የምትከፍለው፣ ልጆቹን የምታስተምረው እርሷ ነበረች። ጦርነቱም ሩቅ አልነበረም። በጁን 17 ቀን 1775 በቦስተን አጠገብ የባንከር ሂል ውጊያ ሲካሄድ የሰባት ዓመት ልጇን ጆን ኲንሲን እጁን ይዛ ከቤታቸው አጠገብ ካለው ኮረብታ ወጣች። የመድፉን ድምፅና የምትቃጠለውን የቻርልስታውንን ጭስ አብረው ተመለከቱ። የቤተሰቡ ሐኪም ዶክተር ጆሴፍ ዋረን በዚያ ቀን ተገደለ። በቤት ውስጥ የነበሩት የቆርቆሮ ማንኪያዎችም ለጥይት ቀለጡ።

በዚያው ዓመት በልግ ወራት የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ መንደሩን መታው። አቢጌል ራሷ ታመመች፤ ልጇ ቶማስ ታመመ፤ የቤት ሠራተኛቸው ሞተች። በኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ እናቷ ሞተችባት። ባሏ ያኔ የነበረው ፊላደልፊያ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1776 ፈንጣጣ ቦስተንን አስጨነቃት። በዚያ ዘመን የነበረው መከላከያ ከታመመ ሰው ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛው ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነበር። በሽታው ቀለል ብሎ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይመለስም። አንዳንዱ ግን በዚሁ ሳቢያ ይሞት ነበር። አቢጌል ባሏ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ልጆቿን ይዛ ቦስተን ሄደችና እርሷም ልጆቿም ተከተቡ። ትልቋ ልጇ ናቢ ክፉኛ ታመመች። ትንሹ ቻርለስ ደግሞ ተደጋግሞ ቢከተብ አልይዘው ብሎ በመጨረሻ ከሁሉም ብሶ ተኛ። ሁሉም ግን ዳኑ። የነፃነት አዋጁ በቦስተን ከመንግሥት ቤት ሰገነት ላይ ለሕዝብ ሲነበብ ከሕዝቡ መሐል ቆማ የሰማችው በዚሁ ሰሞን ነው።

ባሏን ያሳቀው ደብዳቤ

ባልና ሚስቱ በዕድሜያቸው የተለዋወጧቸው ከ1,100 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የታወቀው አቢጌል በማርች 31 ቀን 1776 የጻፈችው ነው። አዲስ ህግ የምታወጡ ከሆነ ሴቶችን አትርሱ፣ ከአባቶቻችሁ ይልቅ ለሴቶች ቸር ሁኑ፣ ለባሎች ገደብ የሌለው ሥልጣን አትስጡ የሚል ነበር መልዕክቱ። ድምፃችን ካልተሰማበት ህግ ጋር አንታሰርም ብላም አስጠነቀቀች።

አንዳንዶች የምርጫ መብት የጠየቀች አድርገው ይተርካሉ። በደብዳቤው ውስጥ ግን ስለ ምርጫ የተነሳ ነገር የለም። የጠየቀችው ባል ሚስቱን እንደፈለገ እንዳያደርግ ህግ እንዲያግደው ነው። ጆን ምን መለሰ? ሳቀ። መሳቁን ራሱ ጽፎላታል። ልጆችና ሎሌዎች አልታዘዝ አሉ ሲባል ሰምተናል፣ አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚበዛ ሌላ ወገን ተነሳብን ብሎ ቀለደ። እርሷ ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘችውም። ሜርሲ ኦቲስ ዋረን ለተባለች ወዳጇ ጽፋ ስለ መልሱ አማረረች፤ ለባሏም ለሴቶች ቸር አልሆናችሁም ብላ መለሰችለት።

እንግዲህ ምን ነበር ያ ህግ? በእንግሊዝ ልማድ መሠረት ሴት ስታገባ በህግ ፊት የራሷ ሰውነት ያበቃል። ይዛው የመጣችው ገንዘብ የባሏ ይሆናል። ሠርታ ያገኘችውም የእርሱ ነው። በስሟ ውል መዋዋልም ሆነ ያለ እርሱ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም። አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትላቀቅ ንጉሡን አስወገደች፤ ይህን ህግ ግን አላስወገደችም።

“የኔ” ያለችው ገንዘብ

አቢጌል ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በጦርነቱ ምክንያት ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ ጠፍቶ ነበር፤ መርፌ ቁልፍ እንኳ ዋጋው አልቀመስ ብሎ ነበር። ጆን ፈረንሳይ ሳለ ጨርቅ፣ መሐረብ፣ ጥብጣብና የመሳሰለውን ጥቃቅን ዕቃ እንዲልክላት አደረገች። የሚያስፈልጋትን ለቤቷ አስቀርታ የተረፈውን በዘመድ በኩል ትሸጥ ነበር። የወረቀት ገንዘቡ በየቀኑ ዋጋው በሚወድቅበት በዚያ ጊዜ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ሳይገባ የቆየው በዚህ ነው።

ከትርፉም ማስቀመጥ ጀመረች። ጆን መሬት መግዛት ይወድ ነበር። እርሷ ደግሞ የመንግሥት ቦንድ የተሻለ ወለድ እንደሚያስገኝ አስልታ በአጎቷ በኮተን ተፍትስ በኩል ትገዛ ነበር። ወለዱን እኛ የምንደግፈው ሆኖ አይደለም የምናወሳው፤ ሒሳቡን ከባሏ አብልጣ ማወቋን ለመናገር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት የአዳምስን ቤተሰብ በእርጅና ዘመን ከችግር ያዳነው የእርሷ አስተዳደር ነው። ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱን የኔ ብላ ለይታ ትጠራው ነበር። ህጉ የኔ የምትለው ነገር እንደሌላት ቢናገርም እርሷ አልተቀበለችውም።

ከሎንዶን እስከ ዋይት ሃውስ

በ1784 ባህር ተሻግራ ከባሏ ጋር ተገናኘች። መጀመሪያ ፓሪስ አጠገብ፣ ከ1785 እስከ 1788 ደግሞ ሎንዶን ኖሩ። ጆን ያኔ አሜሪካ ወደ እንግሊዝ የላከችው የመጀመሪያው መልዕክተኛ ነበር። አንባብያን ሳያውቁት አይቀርም ብለን የምናስበው አንድ ነገር አለ። በ1786 ጆን አዳምስ በሎንዶን ከትሪፖሊ አምባሳደር ከአብዱረህማን ጋር ተቀምጦ ስለ ሰላም ተነጋግሯል። ንግግሩ ፍሬ አላፈራም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ግን፣ በ1797፣ ከትሪፖሊ ጋር የተደረገውን ውል በፕሬዚዳንትነት የፈረመው ራሱ ጆን ነው። አሜሪካ በሙስሊሞች ህግና እምነት ላይ ጠላትነት እንደሌላት በዚያ ውል ላይ ሰፍሯል።

ጆን ከ1789 እስከ 1797 ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም እስከ 1801 ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በኖቬምበር 1800 ባልና ሚስቱ በአዲሷ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ውስጥ በሚሠራው የፕሬዚዳንቱ ቤት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ሆኑ። አቢጌል ከባልቲሞር ስትመጣ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ነበር። ስትደርስ ዋናው ደረጃ አልተሠራም፤ ግድግዳው ርጥብ ስለነበር ቀን ከሌት እሳት ይነዳል። ጫካ ከቧቸው ማገዶ የሚቆርጥ ሰው ግን አልተገኘም። እንግዳ እንዲቀበሉበት የታሰበው ትልቁ አዳራሽ ገና ባዶ ስለነበር የታጠበ ልብስ ታሰጣበት ነበር። ይህን ሁሉ ለልጇ ለናቢ ከጻፈችላት በኋላ፣ ሰው ቢጠይቅሽ ግን ቤቱ ያማረ ነው በይ ብላ አደራ አለቻት። ገመናን መሸፈን የየሃገሩ እናት ጠባይ ነው።

ቻርለስ

በዚያው ጉዞ ላይ ግን ከቤቱ ሌላ የሚያሳስባት ነገር ነበር። ወደ ዋሽንግተን ስትሄድ ኒው ዮርክ ላይ ልጇን ቻርለስን ለማየት ቆማ ነበር። ያ በሕፃንነቱ ከፈንጣጣ በጭንቅ የተረፈው ልጅ ነው። አድጎ ሃርቫርድ ተምሮ ጠበቃ ሆኗል፤ አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወልዷል። መጠጥ ግን ያዘው። የወንድሙ የጆን ኲንሲ አደራ ገንዘብ በእጁ ጠፋ። ቤተሰቡንም ጥሎ ሄደ። አባቱ በቁጣ ከልጅነት ሰረዘው፤ ዳግመኛም አላየውም።

እናቲቱ ግን ሄደች። በሰው ቤት ተኝቶ፣ ሰውነቱ አልቆ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በኖቬምበር 30 ቀን 1800 ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። አቢጌል የገዛ ወንድሟንም በዚሁ መንገድ አጥታ ስለነበር መጠጥ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያፈርስ አስቀድማ ታውቅ ነበር። የልጇን ልጅ ሱዛናን ወስዳ እቤቷ አሳደገች።

ባል ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ቤቱ የመንግሥት ቤት ሆኖ፣ መጠጥ በር አንኳኩቶ አይገባም። ልጆቻችን ተምረዋል፣ ሥራ ይዘዋል ብለን ዓይናችንን የምናነሳ ወላጆች ይህን ልብ ብንል መልካም ነው። ልጅ ከጠፋ በኋላም በር የሚከፍትለት አንድ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ መኖር እንዳለበት ከአቢጌል እንማራለን።

ባርነትና ስህተቶቿ

አባቷ ቄስ ቢሆንም ባሪያዎች ነበሩት። አቢጌል ግን ገና በ1774 ለባሏ ስትጻጻፍ በአውራጃችን አንድም ባሪያ ባልኖረ ብላ ነበር። እኛ ለራሳችን የምንዋጋለትን ነፃነት ከሌሎች እየዘረፍን ነው የሚል ነበር ሐሳቧ። በ1797 ጄምስ የሚባል ጥቁር ወጣት አገልጋይዋን ማንበብ ካስተማረችው በኋላ ማታ ትምህርት ቤት አስገባችው። አንድ ጎረቤት መጥቶ፣ እርሱ ከቀጠለ ሌሎቹ ልጆች ስለሚቀሩ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል አላት። ፊቱ ስለጠቆረ ብቻ ነው ወይ እንዳይማር የሚከለከለው ስትል ጠየቀችው። ጄምስ ትምህርቱን ቀጠለ። ዋይት ሃውስ ገብታም በመስኮት የምታየው ባሪያዎች በረሃብና በእራፊ ልብስ ሲሠሩ፣ ጌታቸው ቆሞ ሲያይ ነበር። ይህንንም ጽፋዋለች።

ያም ሆኖ ስህተት አልነበራትም አንልም። በ1798 ጋዜጦች በባሏ ላይ በጻፉት ስድብ ተንገብግባ፣ መንግሥትን በጽሑፍ የሚያጣጥል ሰው እንዲታሰር የሚያደርገውን ህግ በጋለ ስሜት ደገፈች። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ስለ ነፃነት የተከራከረች ሴት፣ ተራው የእርሷ ሲሆን የሌላውን አፍ ማዘጋት አላሳፈራትም። ባሏን መውደዷ ፍርዷን አጣመመው። በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

ኑዛዜው

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳነው ወረቀት እንመለስ። በ1816 አቢጌል ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። በኲንሲ ከተማ በቤቷ ተቀምጣ በገዛ እጇ ኑዛዜ ጻፈች። ባሏ በሕይወት አለ። በህጉ መሠረት የምትናዘዘው አንዲት ሳንቲም የላትም። እርሷ ግን ያላትን ዘርዝራ አከፋፈለች። በሕይወት ለነበሩት ሁለት ወንዶች ልጆቿ የተወሰነ ድርሻ ሰጠች። የቀረውን በሙሉ ማለት ይቻላል ለሴቶች አደረገችው፤ ለሴት የልጅ ልጆቿ፣ ለእህቶቿና ለወንድሟ ሴቶች ልጆች፣ ለልጆቿ ሚስቶች፣ ለሴት አገልጋዮቿ። ልብሱ፣ ጌጡ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በስም ተጠቅሷል። ለወንድ የልጅ ልጆቿ ምንም አልተወችም። ያገቡት ሴቶች እንደ እርሷ የኔ የሚሉት እንደሌላቸው ታውቃለችና።

በኦክቶበር 28 ቀን 1818 በታይፎይድ ሞተች። ትዳራቸው ሃምሳ አራት ዓመት ከሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ወረቀቱ በፍርድ ቤት ዋጋ አልነበረውም። ጆን ቢቀደው ማንም አይጠይቀውም። ያ በ1776 የሳቀው ሰው ግን በዚህ ጊዜ አልሳቀም፤ ኑዛዜው እንዳለ እንዲፈጸም አደረገ። ማሳቹሴትስ ያገባች ሴት የራሷን ንብረት እንድትይዝ በህግ የፈቀደችው በ1855 ነው። የአሜሪካ ሴቶች በሙሉ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው ደግሞ በ1920።

ደብዳቤዎቿን እንዲያቃጥላቸው ባሏን ለምናው ነበር፤ እርሱ ግን አስቀመጣቸው። የልጅ ልጃቸው በ1840 አሳተማቸው። የዚያን ዘመን የቤት ኑሮ፣ የገበያ ዋጋ፣ የበሽታና የጦርነት ጭንቀት ዛሬ የሚታወቀው ብዙውን ከእነርሱ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ውድ እህቶችና ወንድሞች! አቢጌል ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችውን መብት ሸሪዓችን ለሴት ልጅ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ሰጥቷል። መህሯ የእርሷ ነው። ከወላጆቿ የምትወርሰው ድርሻ በሱረቱ-ን-ኒሳእ ተደንግጓል። ነግዳ ያገኘችው የራሷ ነው፤ ባል ያለ ፈቃዷ አይነካውም። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) የታወቁ ነጋዴ እንደነበሩ የማያውቅ የለም። ይህን እያነሳን በሌሎች ላይ መኩራራት ይቀናናል።

ግን እስቲ ቤታችንን እንይ። አባት ሲሞት ወንድሞች ተቀምጠው ይካፈላሉ። እህት የት አለች? “እርሷማ ባል አላት” ይባላል። “የአባታችን መሬት ወደ ባዳ አይሂድ” ይባላል። እህትም ወንድሞቼን ከማስቀይም ይቅርብኝ ብላ በይሉኝታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። መህሯ በኒካሕ ቀን ይነገራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው የለም። ሠርታ ያመጣችው ደመወዝ ሳትጠየቅ ይወሰዳል።

ጆን አዳምስ ህግ ሳያስገድደው የሚስቱን ቃል አክብሯል። እኛን ደግሞ የአላህ ህግ ያስገድደናል። ታዲያ የሚስቱን ኑዛዜ የፈጸመው ያ ሰው የእህቱን ድርሻ ከያዘው ወንድም በምን ተሻለ ብሎ ቢጠይቀን ልጃችን ምን እንመልስለታለን?

ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን። ያልተከፈለ መህር ያለበት ባል ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር። የእህቱ ድርሻ በእጁ ያለ ወንድም ሳትጠይቀው በፊት ይውሰድላት። እናቶችም ለሴቶች ልጆቻችሁ መብታቸውን ከወጥ ሥራው ጋር አብራችሁ አስተምሯቸው፤ ኋላ የኔ የሚሉትን እንዲያውቁ።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።